በሞቴ እስኪሉን ድረስ

ጋሼ በቤተ ክርስቲያናችን የሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ "ይሄ ነገር ተልእኮ ነው ወይስ ሽርሽር?"

ነገሩን ያመጣነው እኛ የወጣት ክፍሉ ልጆች ነን። ኬንያ ሄደን ለአንድ ሳምንት እናገልግል ብለን ጠይቀን ነበር። በአንድ ትልቅ ተራራ ሥር ባለች ትንሽ ከተማ ውስጥ "ኑልን" የምትል ቤተ ክርስቲያን ተገኝታለች። ሰባት ነበርን። ከሰባታችን ፓስፖርት ያለው አንድም ሰው አልነበረም፤ ከሻሸመኔ ወዲያ ያለፈ መኖሩንም እንጃ። ስለዚህ የጋሼ ጥያቄ ሲነገረን ሁላችንም መሬት መሬት ማየት ጀመርን። እውነተኛው መልስ "ሁለቱም" ነበራ!

ስለ ጋሼ ትንሽ ላስረዳ። ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ኮታቸውን በበጋም በክረምትም የማያወልቁ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ወንጌል ይዘው ገጠር ለገጠር በእግራቸው ስለዞሩ፣ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠው እየዘመሩ የሚሄዱበት ተልእኮ አይገባቸውም ነበር። ሲቆጡ አይጮኹም፤ ዝም ይላሉ። የእሳቸውን ዝምታ ከመስማት የሌላውን ሰው ጩኸት መስማት ይሻላል።

ሽማግሌዎቹ መክረው እንዲህ ወሰኑ፦ ለአንድ ጊዜ ይሞከር፤ ጋሼ አብረው ይሂዱ፤ ተመልሰው ተልእኮ ነበር ካሉ በየዓመቱ ወጣት ይላካል፤ ሽርሽር ነበር ካሉ የውጭ አገር ነገር ሁለተኛ እንዳይነሣ። ነገሩ ሁሉ በአንድ ሰው አፍ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

እኔ ያኔ አዲስ አበባ፣ መሪ በሚባለው ሰፈር ባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ማስረዳት እወዳለሁ፤ ሻይ ቤት ተቀምጬ እንኳ ጣቶቼ ጠመኔ ይፈልጋሉ። ልጆቹ "ቲቸር" ይሉኛል፤ ጋሼ ደግሞ "መምህርት"። ዝግጅቱን ለእኔ ሰጡኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ቅዳሜ ቅዳሜ በማለዳ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ጀርባ ተነሥተን እንጦጦን እንወጣ ነበር። ባሕር ዛፉ መሐል ለየብቻ ተበታትነን እንጸልያለን፤ ከዚያ ተሰብስበን እንለማመዳለን። መዝሙሩን፣ ለሕፃናት የምናስተምረውን ታሪክ፣ እንግሊዝኛውን። ሦስት ወር ሙሉ እንግሊዝኛ አስጠናኋቸው። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ፣ የቡድናችን ቀልደኛ፣ "ማይ ኔም ኢዝ" ብሎ ይጀምርና ስሙን የረሳ መስሎ ወደ ሰማይ ያያል። ሌሎቹ ሣሩ ላይ ይንከባለላሉ። ጋሼ በጃንጥላቸው ተደግፈው ከዳር ቆመው ያዩናል። ያኔ ሁላችንም ተነሥተን ሣሩን እያራገፍን ሐዋርያ መምሰል እንሞክራለን።

አንድ ቅዳሜ ጋሼ ራሳቸው ተናገሩ። "አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰው አገር ስትሄዱ ምግብ ላይ እንዳትወድቁ። አገርም ቤተ ክርስቲያንም ታሰድባላችሁ።"

እኔ ይህችን ምክር ይዤ ወደ ሙሉ ትምህርት አሳደግኳት። ሁላችንም የምናውቀውን ነገር በሕግ መልክ አስቀመጥኩት፦ የመጀመሪያው "ብሉ" ሰላምታ ነው፤ እሱን የሚቀበል ሰው አላደገም። ሁለተኛው "ብሉ" ፈተና ነው፤ "ኧረ አሁን በልተን ነው የመጣነው" ይባላል። ሦስተኛው ግን ከመሐላ ጋር ነው የሚመጣው፤ "በሞቴ!" ሲባል እጅ ይታጠባል። ከዚያ ወዲያ እምቢ ማለት ደግሞ ሌላ ነውር ነው። ተለማመድነው። ኪቦርድ ተጫዋቹ ባለቤት ሆኖ ደረቅ ዳቦ በሶፍት ላይ አቀረበ።

"ብሉ እንጂ!"

"ኧረ ጠግበናል።"

"እንዴ፣ ምነው? ትንሽ ቅመሱ!"

"እግዚአብሔር ይስጥልን፣ አሁን ነው የበላነው።"

"እንግዲያው እኔው ልብላው" አለና ዳቦውን ጎረሰው። ሁላችንም ጮኽንበት። እንዲህ ያለ ባለቤት በዓለም ላይ የለም ብዬ ነጥብ ቀነስኩበት።

የመሄጃችን ቀን ደረሰ። የሞያሌን አውቶቡስ ተሳፈርን። ጋሼ ከሾፌሩ ኋላ፣ እኛ ከመጨረሻው ወንበር። ቀስ ብለን እንዘምራለን ብለን ጀምረን ዲላ ስንደርስ ሾፌሩ ሬዲዮኑን ዘግቶ ያዳምጠን ነበር። ጋሼ ዞር ብለው አላዩንም። የኮታቸው ጀርባ ግን ዝም ማለቱ ይሰማናል።

ድንበሩን በእግራችን ስንሻገር ሳቅ አፍኖን ነበር። አንድ እርምጃ ኢትዮጵያ፣ ቀጣዩ ውጭ አገር! ከመካከላችን አንዷ ቤቷ የካ አባዶ ነው፤ ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ በፊት ወላጆቿ እዚያው ያርሱ የነበሩ ናቸው፤ ቤት ውስጥ የሚነገረው አፋን ኦሮሞ ነው። ከድንበሩ ማዶ ካሉ የቦረና ሴቶች ጋር ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ወሬ ያዘች። ወዲያው እየተሳሳቁ እጅ ለእጅ ይመታቱ ጀመር።

"ቲቸር" አለ ኪቦርድ ተጫዋቹ፣ "ውጭ አገር እኮ የሚነገረው የእሷ ቤት ቋንቋ ነው። ሦስት ወር እንግሊዝኛ ያስለፋሽን ለምንድን ነው?"

"ወደፊት ትፈልገዋለህ።"

"አሁን የምፈልገው ምሳ ነው።"

ከዚያ የኬንያውን አውቶቡስ ያዝን። እዚያ አገር መኪና የሚሄደው በግራ በኩል ነው። ይህን አስቀድሜ በሚገባ አስረድቻቸው ነበር፤ ግን ማወቅ ሌላ፣ ማየት ሌላ። ከፊት ለፊታችን አንድ የጭነት መኪና በቀኛችን በኩል ሲመጣ ኪቦርድ ተጫዋቹ "ፍሬን! ፍሬን ያዝ!" ብሎ ጮኸ። ሰባታችንም በአንድ ጊዜ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ እንደምናደርገው፣ ድምፃችንን ከፍ አድርገን መጸለይ ጀመርን። ከሁሉ በላይ የጎላው "በኢየሱስ ስም!" የሚለው ድምፅ ከፊት ወንበር የመጣ ነበር። ጭነት መኪናው በሰላም አለፈ። ሾፌሩ በመስታወት አየን። ጋሼ ኮታቸውን አስተካከሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ትንሽ ትንሽ ወደድናቸው።

ተራራው ሥር የደረስነው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ቀኑን ሙሉ አልበላንም፤ ደርሰን እንበላለን ብለን ሆዳችንን ባዶ ጠብቀን ነበር። ፓስተሩና ባለቤታቸው ግቢያቸው በር ላይ ተቀበሉን። ባለቤታቸውን ሰው ሁሉ "ማማ" ነው የሚላቸው፤ ሰፊ፣ ሳቂታ፣ እጃቸው የሚሞቅ ሴት ናቸው። የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ሙሉ ቀን ሲያበስሉ ውለዋል። ጠረጴዛው ላይ የሥጋ ወጥ፣ ጎመን፣ ገና የሚተን ቻፓቲ የሚባል ስስ ቂጣ፣ ኡጋሊ የሚሉት ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራ ጠንካራ ገንፎ ተደርድሯል። ሽታው ምራቅ ያስውጣል።

"እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ምግብ ደርሷል፤ እንብላ" አሉ ማማ በእንግሊዝኛ።

ጋሼ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በትሕትና ጎንበስ አሉ። "እግዚአብሔር ይስጥልን። አሁን በልተን ነው የመጣነው።"

ተረጎምኩ። ስድስቱም በሚያምር ሁኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከማለዳ ጀምሮ ራበኝ ሲል የዋለው ኪቦርድ ተጫዋቹ ሆዱን መታ መታ አደረገ። ተማሪዎቼ! እንዲህ ያለ ልምምድ በከንቱ አልሄደም ብዬ ኮራሁ።

ማማ ባለቤታቸውን አዩ። "በእውነት?" አሉን።

"በእውነት" አልን ሰባታችንም ባንድ ላይ።

አሁን ሦስተኛው ይመጣል። ፓስተሩ በራሳቸው ቋንቋ ለማማ አንድ ነገር በዝግታ ነገሯቸው። የማማ ፊት ተለወጠ፤ ዓይናቸው እንባ ያቀረረ መሰለኝ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉልን። ከዚያ ሴቶቹ ክዳኖቹን አንሥተው ድስቶቹን መክደን ጀመሩ። ክዳን በክዳን፤ ቀስ እያሉ፤ በአክብሮት። ቻፓቲው ሲሄድ እስከ በሩ ድረስ በዓይናችን ሸኘነው።

"ቲቸር" አለች የካ አባዶዋ ልጅ በሹክሹክታ፣ "ሦስተኛው የታለ?"

"ሊያሞቁት ወስደውት ይሆናል።"

"ይተን ነበር እኮ!"

"ዝም በሉ" አሉ ጋሼ። "ሰው ቤት ነው ያላችሁ።"

ምንም አልመጣም። ሻይ እንኳ አልመጣም። ምሽት ላይ ከቤተሰቡ ጋር ለጸሎት ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ጸጥታው መሐል የአንድ ሰው ሆድ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ተንጎራጎረ። የጋሼ ሆድ ነበር። የካ አባዶዋ ልጅ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። እኔ ጉልበቴን ቆነጠጥኩ። ኪቦርድ ተጫዋቹ "አሜን" አለ፤ ማንም ገና ምንም ሳይጸልይ።

የየካ አባዶዋ ልጅ ሻንጣ ውስጥ እናቷ የቋጠሩላት ቆሎ ነበር። ተከፋፈልነው። ለጋሼም በወንዶቹ በኩል ላክንላቸው። "በልቻለሁ አሉኝ" ብሎ ነገረን ኪቦርድ ተጫዋቹ በማግስቱ ጠዋት። "ሁለተኛ ጠየቅኳቸው፤ እምቢ። በሞቴ ጋሼ ስላቸው እጄን ከነቆሎው ሊበሉት ነበር።"

እሑድ ጠዋትም ቁርስ የለም። ማማ ቀለል ያለ ፈገግታ ፈገግ ብለውልን፣ ውኃ ብቻ ሰጥተውን፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱን። አዳራሹ ሞልቶ ሕፃናቱ መስኮት ላይ ተንጠልጥለዋል። ዘመርን። ሕዝቡ ተነሥቶ አብሮን ዘለለ። ርሃቤን ረስቼ ነበር፤ ፓስተሩ ተነሥተው መናገር እስኪጀምሩ ድረስ።

"ልጅ ሆኜ ስለ ኢትዮጵያውያን ጾም ይወራ ነበር" አሉ። "አሁን በዓይኔ አየሁ። እነዚህ ወጣቶች ከእኚህ አባት ጋር ይህን ሁሉ መንገድ መጥተው፣ ደክሟቸው፣ ስለ እኛ ሲሉ ምግብ አልቀመሱም። አፍረናል። ስለዚህ ትናንት ማታ ከሽማግሌዎቻችን ጋር ወስነናል። ቤተ ክርስቲያናችን በሙሉ ከእነርሱ ጋር እስከ ረቡዕ ትጾማለች!"

አዳራሹ በ"አሜን" ተናወጠ። ጭብጨባ፣ እልልታ። አንድ ሽማግሌ ከፊት ወንበር ተነሥተው ጨበጡን።

"ምን እያሉ ነው?" አሉኝ ጋሼ።

"እንጾማለን እያሉ ነው።"

"ጎሽ። ማን ነው የሚጾመው?"

"እኛ ነን፣ ጋሼ። እነሱም ከእኛ ጋር።"

"እኛ? እስከ መቼ?"

"እስከ ረቡዕ።"

ጋሼ ዝም አሉ። ያንን ዝምታ።

ከኋላዬ ኪቦርድ ተጫዋቹ "አስከሬናችን በሞያሌ በኩል ነው የሚገባው" አለ። ሁለት ልጆች በሳቅ ወንበር ሥር ገቡ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ አሰብኩ። አንደኛ፣ አለቀልን፤ ጋሼ ተመልሰው "ሰው አገር ሄደው ቀልደው መጡ" ይላሉ። ሁለተኛው ሐሳብ ደግሞ ባይመጣብኝ ይሻል ነበር፦ ዝም ካልን ግን ምን ይሆናል? እስከ ረቡዕ ከቻልን፣ የጾምን ተልእኮ ማን ሽርሽር ይለዋል?

ፓስተሩ ጋሼን እንዲሰብኩ ጋበዟቸው። ተነሡ፤ እኔም ለመተርጎም ተከትዬ ወጣሁ። እኔ ወደ እንግሊዝኛ፣ ፓስተሩ ወደ ሕዝቡ ቋንቋ። ጋሼ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከፈቱ። ሕዝቡን አዩ። መጽሐፍ ቅዱሱን መልሰው ዘጉት።

"መምህርት፣ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ተርጉሚ።"

"እሺ ጋሼ።"

"እኛ አልጾምንም።"

ፊቴን ወደ ጋሼ አዞርኩ።

"ተርጉሚ እንጂ!"

ተረጎምኩ። ፓስተሩ አዩኝ። ደግሜ ነገርኳቸው። እሳቸውም ተረጎሙ።

"ርቦናል" አሉ ጋሼ። ይህን ከልቤ ተረጎምኩት። "በእኛ አገር እንግዳ ሲጋበዝ ወዲያው አይበላም፤ ነውር ነው። ይለመናል። በመጨረሻ ባለቤቱ 'በሞቴ' ብሎ ይምላል፤ ያኔ ይበላል። ለእነዚህ ልጆች ምግብ ላይ አትውደቁ ያልኳቸው እኔ ነኝ። እንግዲህ እናንተ እምቢ ስንላችሁ ቃላችንን አከበራችሁልን። እኛ ደግሞ ልመናችሁን ስንጠብቅ አደርን።"

"በሞቴ" የሚለውን ለመተርጎም ተቸገርኩ፤ ማብራሪያም ጨመርኩ፤ ተፈጥሮዬ ነው። ባለቤቱ "ካልበላህልኝ ልሙት" እንደማለቱ ነው አልኩ። ፓስተሩ ደነገጡ።

"እንግዳው ካልበላ ባለቤቱ ይሞታል እንዴ?"

ለጋሼ ነገርኳቸው። ጋሼ ትንሽ አሰቡ። "አይመስለኝም" አሉ። "ግን እስካሁን ሞክሮ ያየ ሰው የለም።"

መጀመሪያ የሳቁት ማማ ናቸው። ሳቃቸው ከሆዳቸው ተነሥቶ ትከሻቸውን አናውጦ ወጣ፤ ከዚያ ሴቶቹ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ማማ ተነሥተው መድረኩ ድረስ መጡ፤ የጋሼን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

"በሞቴ!" አሉ፣ በአማርኛ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሰምተው።

ጋሼም፣ ያ ሁሉ ኮት፣ ያ ሁሉ ዝምታ፣ "እሺ፣ እሺ እበላለሁ" ሲሉ ሳቃቸው አመለጣቸው። ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ጥርሳቸው መሐል ክፍተት አለ።

ሴቶቹ ስብከቱ ሳያልቅ ምግቡን ሊያሞቁ ወጡ። ሽታው በመስኮት ሲገባ ጋሼ በሕይወታቸው አጭሩን ስብከት ሰበኩ። ከዚያ ከሕዝቡ ጋር አብረን በላን። ኪቦርድ ተጫዋቹ የኡጋሊውን አናት እየፈተሸ "ቅቤው የሚገባበት ጉድጓድ የታለ?" ሲል ማማ ሦስተኛ ሰሐን አቀረቡለት፤ ጥያቄውን የመሰላቸው ጨምሩልኝ ነው።

ሳምንቱን እንዴት ብዬ ልግለጸው! ወሬው ቀድሞን ይሄዳል። የትኛውንም በር ስናንኳኳ ከውስጥ "በሞቴ!" ይሉናል። ሕፃናቱ ቃሏን ለሁሉ ነገር አደረጓት፤ ኳስ ሲፈልጉ በሞቴ፣ ታሪክ ድገሚልን ሲሉ በሞቴ፣ እጄን ይዘው ሊሄዱ ሲሉ በሞቴ። ያዘጋጀሁት የትምህርት እቅድ በሁለተኛው ቀን ተበታተነ፤ እኔም ተበታተንኩ። ልጆቹ ባሉበት ሁሉ ሮጥኩ።

ሐሙስ ዕለት ከጋሼ ጋር አልጋ ላይ የዋሉ አንዲት አሮጊት ቤት ገባን። ቤቱ ጨለም ያለ ነው። ልንጸልይላቸው ነበር የመጣነው። አሮጊቷ ግን ከትራሳቸው አጠገብ የተቀመጠ የተጠበሰ በቆሎ አንሥተው ለጋሼ ዘረጉላቸው። ጋሼ በመጀመሪያው ግብዣ ተቀበሉ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ፍሬውን አንድ በአንድ እየፈለፈሉ በሉት። አሮጊቷ እያንዳንዷን ጉርሻ በዓይናቸው ይከተሏታል፤ ሲበሉ ማየቱ ራሱ ያጠገባቸው ይመስላሉ። ጸሎቱ አጭር ነበር፤ በቆሎው ረጅም። ስንወጣ ጋሼ ብዙ መንገድ ሳይናገሩ ሄዱ። ይህኛው ዝምታቸው ግን የሚያስፈራ አልነበረም።

በመመለሻው አውቶቡስ ላይ ዘመርን። ጋሼ ለሽማግሌዎቹ ምን እንደሚሉ ግን አላወቅንም፤ ልንጠይቃቸውም አልደፈርንም። ጋሼ ከሾፌሩ ኋላ ተኝተው ነበር፤ ወይም የተኙ መስለው።

አዲስ አበባ በገባን ሳምንት ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። እኛ ሰባታችን ከቆርቆሮው አዳራሽ ውጭ ግድግዳውን ተደግፈን ቆምን። መጀመሪያ የጋሼ ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ዝግ ያለ፣ ቃሉ የማይለይ። የካ አባዶዋ ልጅ ጣቶቼን አጥብቃ ይዛለች።

"ስለ ጾሙ ነገሯቸው ይሆን?" አለች።

"ጋሼ ይደብቃሉ ብለሽ ነው?"

"እንግዲያው ሞተናል።"

ያኔ ከውስጥ ሳቅ ፈነዳ። የሽማግሌዎቻችንን ሳቅ ሰምተን ስለማናውቅ መጀመሪያ አንድ ሰው የታመመ መስሎን ነበር። ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። ጋብ ይላል፤ የጋሼ ድምፅ ጥቂት ይሰማል፤ ደግሞ ይፈነዳል። እኛም ምክንያቱን ሳናውቅ ውጭ ቆመን እንስቃለን፤ ኪቦርድ ተጫዋቹ ግድግዳው ላይ ተንሸራቶ ተቀመጠ።

በሩ ተከፈተና ጋሼ ብቅ አሉ። ፊታቸው እንደ ወትሮው ነው።

"ተልእኮ ነው ብያለሁ" አሉ።

ጮኽን። ተቃቀፍን። የካ አባዶዋ ልጅ እልል አለች።

"ቆዩ፣ ቆዩ። አልጨረስኩም። በየዓመቱ ትሄዳላችሁ፤ ግን ያለ ትልቅ ሰው አይሆንም ተብሏል።"

"እርስዎ አሉልን አይደል ጋሼ!" አልኩ።

"እኔማ አለሁ። እነሱም እንሄዳለን ብለዋል።"

"ማን ማን?"

"ሁሉም።"

ኪቦርድ ተጫዋቹ ከተቀመጠበት ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ውስጥ በአውቶቡሱ የመጨረሻ ወንበር፣ በእኛ ቦታ ላይ የተደረደሩ የሽማግሌ ኮቶች ታዩኝ። ለመሳቅም ለማልቀስም ጊዜ አልነበረም፤ ጋሼ በሩን ሰፋ አድርገው ከፍተው በእጃቸው ይጠሩኛል።

"ነይ ግቢ፣ መምህርት። ፓስፖርት እንዴት እንደሚወጣ አስረጂን እያሉሽ ነው። ቀስ ብለሽ፣ ከመጀመሪያው ጀምረሽ።"

ቀሚሴን አስተካክዬ ገባሁ።